የጡሜ እንግዶች

የጡሜን ሞት የነገረችኝ ደሴ የምትኖር፣ በኢንተርኔት አብራን የምትጽፍ፣ ነጌሌን በካርታ እንጂ በዓይኗ ያላየች ልጅ ናት። እኔና ጡሜ የምንኖረው አንድ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከበሬ እስከ በሯ በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። መርዶው ግን ደሴ ደርሶ ነው ወደ እኔ የተመለሰው። ስልኬን ስከፍት እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር አስካለ፣ እግዜር ያጥናዎት። አዴ ጡሜ ዛሬ ጠዋት ዐረፈች። ለእርስዎ ከሁላችንም በላይ እንደሚከብድ አውቃለሁ።»

እንደሚከብደኝ በምን አወቀች?

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስደርስ ቀብሩ አልቋል። የእስላም ቀብር ሰው አይጠብቅም። ግቢዋ በር ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት ውሃ አቀረበችልኝና «ከሩቅ ነው የመጡት?» አለችኝ። «ከዚሁ ነው» አልኳት። ከነጠላዬ እስከ ጫማዬ አየችኝ።

በማግስቱ ያቺው የደሴ ልጅ ደግማ ጻፈች፦ «ቲቸር፣ አዲስ የሚመጡትን ከእንግዲህ ማን ይቀበላል? አዴ ጡሜ ‹ቲቸር አስካለን ለምኛለሁ› ብላን ነበር። እሺ ብለዋት ነበር?»

እሺ አላልኳትም። ያልኳትን የምናውቀው እኔና ጡሜ ነበርን፤ አሁን እኔ ብቻ ነኝ። ሰዉ ሁሉ ስለ ጡሜ እየጻፈ ነው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ የመታሰቢያ ገጿ ሞልቷል። ከሁሉም በፊት የማውቃት እኔ ዝም ብል ደግሞ ሌላ ስም ይወጣልኛል። ስለዚህ የማውቀውን እጽፋለሁ፤ የማይመቸው አያንብበው።

ስለ ራሴ ብዙ አልልም። ነጌሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ ለሥራ ከሰሜን የመጣ ሰው ነው፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አስተምሬ፣ እዚሁ ጡረታ ወጣሁ። የቀረው የቤቴ ነው።

መዝገበ ዕውቀቱን ወደዚህ ከተማ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህን በመታሰቢያ ገጿ ላይ ማንም አልጻፈውም። መዝገቡ በኢንተርኔት ላይ ያለ፣ ማንም ሰው ያለ ደመወዝ ገብቶ ስለሚያውቀው ነገር የሚጽፍበት፣ ሌላው ደግሞ ገብቶ የሚያርምበት ነው። ለሥልጠና ሐዋሳ ሄጄ አየሁት፣ ተማርኩት፣ ተመለስኩ። ርእሰ መምህሩን ደጅ ጠንቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት አስከፈትኩ። ሦስት ኮምፒውተር ነበረን፤ አንዱ መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር የጻፍነውን ይዞ ይጠፋል።

ጡሜ የዚያ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁልፎቿን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት። የሊበን ገጠር ልጅ ናት፤ አማርኛን የተማረችው ገበያ ላይ ነው። ሰው ሲያወራላት በየመሃሉ «ኤ... ኤ...» እያለች ትቀበላለች፣ ቃሉን ከአፉ ወስዳ የሆነ ቦታ እንደምታስቀምጠው ሁሉ። የቦረና ሰው ሁሉ የሚያዳምጠው እንዲሁ ነው። ለእሷ ግን ሰው ሊናገር ያላሰበውን ሁሉ ይናገርላት ነበር። እኔ እንኳ አንድ ቀን... ይቅር።

የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች በሩን ከፍታ ከኋላ ትቀመጥ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን፣

«ቲቸር፣ እኔም ልጻፍ?» አለችኝ።

«ምን ትጽፊያለሽ?»

«ኤላ። የእኛን አገር ኤላ።»

ኤላ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ወንዶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን በእጅ ተቀባብለው ለከብት ያወጡበታል። አምስት መስመር ጻፈች። አትሜ በቀይ እስክርቢቶ አረምኩላት፤ ከቀዩ ሥር የራሷን ፊደል ለማግኘት ይቸግር ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀብላ «ገለቶማ፣ ቲቸር» ብላ አመሰገነችኝና አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ያን ያህል ቀይ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይመጣም ነበር። እሷ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች፤ ለነገሩ ቁልፉም እሷ ዘንድ ነው።

አጀማመሯ እንዲህ ነው። በእኔ እጅ።

አዲስ ሰው መዝገቡ ውስጥ ስሙን ሲያስገባ፣ ከነባሮቹ አንዱ በሰውየው የውይይት ገጽ ላይ የእንኳን ደህና መጣህ ቃል ይጽፍለታል። ይህን የምሠራው እኔ ነበርኩ። አሥራ አንድ ነጥብ ያለው ጽሑፍ አዘጋጅቼ ለሁሉም እልካለሁ፦ ምንጭ ሳትጠቅስ አትጻፍ፣ ስለ ራስህ አትጻፍ፣ የሌላ ሰው ጽሑፍ አትገልብጥ፣ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ነጥብ ትክክል ነበር። አሁንም ትክክል ነው።

አንድ የፋሲካ ሰሞን ታምሜ ሦስት ሳምንት ቀረሁ፤ ጡሜ በእኔ ቦታ ጻፈች። ተሽሎኝ ስመለስ ያነበብኩት ይህን ነው፦

«ናጋ ነው ወይ? ሰውነትህ ናጋ? ቤትህ ናጋ? ከብት ካለህ ከብትህ ናጋ? አንተ ያለህበት አገር ዝናብ እንዴት ነው? እኔ ጡሜ ነኝ። ነጌሌ ነው ያለሁት፣ የመጻሕፍት ቤት በር እከፍታለሁ። አንተ የምታውቀው፣ እኛ የማናውቀው አንድ ነገር ምንድነው? ቀስ ብለህ ንገረን፣ አለን።»

ናጋ ሰላም ማለት ነው። ከበታቹ አዲስ የገባው ሰው መልሷል። ለአሥራ አንዱ ነጥቤ መልስ የጻፈልኝ አንድም ሰው ኖሮ አያውቅም። ይህ ግን የቦሬ ሰው ነው፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጭቃው፣ ድንቹ መሬት ውስጥ ስለ መበስበሱ ግማሽ ገጽ ጽፎ፣ መጨረሻ ላይ «እኔ የማውቀው እንኳ የቀርከሃ ቤት አሠራር ነው፣ ይጠቅማችኋል?» ይላል።

«ጡሜ፣ መዝገበ ዕውቀት ነው የምንጽፈው ወይስ የዝናብ ወሬ?» አልኳት።

«ቲቸር፣ እንግዳ ውሃ ሳይጠጣ ‹ለምን መጣህ› አይባልም።»

«ሕጉንስ ማን ይነግረዋል?»

«አንቱ አሉ አይደል? እኔ አስገባለሁ፣ አንቱ ያርማሉ።»

ሳቀች። ስትስቅ ቁልፎቿ እንዳይንኳኩ በእጇ ደረቷ ላይ ትይዛቸዋለች። ሌሎቹም አብረዋት ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ተከፋፈለ፤ ማን እንዳከፋፈለን አላውቅም። የሚወደደው ለእሷ፣ የሚጠላው ለእኔ ደረሰ። የቦሬው ሰው ስለ ቀርከሃ ቤት የጻፈውን ፊደል በፊደል በቀይ ያቀናሁለት እኔ ነኝ። ሲጨርስ «አዴ ጡሜ፣ አንቺ ባትኖሪ አልጽፈውም ነበር» ብሎ ጻፈላት። እኔን «ቀይዋ ሴትዮ» ይለኝ እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ጡሜ ጽሑፍ አትጨርስም ነበር። ስለ ገናሌ ወንዝ አራት መስመር ትጽፍና ትተዋለች። ስለ ግራር ዓይነቶች ትጀምርና ሁለቱን ጠቅሳ ትተዋለች። ስንፍና ነው አልኩ። እውነቱን ለመናገር ስንፍና በመሆኑ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ቁጭ ብዬ አሥራ ሰባቱንም ጅምሮች ጨረስኳቸው፤ ምንጭ ፈልጌ፣ ካርታ ሠርቼ፣ ቁልጭ አድርጌ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁሉም በተሰበሰበበት «የጡሜን ጅምሮች ጨርሼላታለሁ» አልኩ። ሙገሳ ጠብቄ ነበር፤ አልክድም።

ሁሉም ጡሜን አዩ። ከጤና ጣቢያ የምትመጣ አንዲት ነርስ ነበረች፤ «ገናሌንም?» አለች ቀስ ብላ።

«ገናሌንም።»

ጡሜ ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ደባሬ ያውቃሉ?»

አውቃለሁ፤ እዚሁ ነው ያደግሁት። ከብት ያለው ሰው ከብቱ ላለቀበት የምትታለብ ላም ያውሰዋል። ላሚቱ የባለቤቷ ናት፣ ወተቱ የተዋሰው ነው። ከብቱ ያለቀበት ሰው ባዶ እጁን ከሰው መሃል እንዳይቆም ነው።

«እነዚያ ደባሬ ነበሩ» አለች። «ለያንዳንዱ አዲስ ሰው አንድ አንድ ሰጥቼ ነበር። አንቱ ጎበዝ ኖት፣ ቲቸር፤ ሁሉንም አለቧቸው።»

ስድብ አልነበረም። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ መልስ አለኝ። ነርሷ ስለ ገናሌ በደብተሯ ጽፋ መጥታ ኖሯል። ደብተሩን ዘጋችና «ችግር የለውም ቲቸር፣ የእርስዎ ይሻላል» አለችኝ። የእኔ በእርግጥ ይሻል ነበር። ጡሜ በሳምንቱ ሌላ ጅምር ባትሰጣት ኖሮ ግን ነርሷን ደግመን አናያትም ነበር።

ሌላው የኦቦ ጉዮ ጉዳይ ነው። ኦቦ ጉዮ ሊበን ውስጥ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። የልጃቸውን ስልክ ተውሰው ስለ ግመል በሽታዎች ረጅም ጽሑፍ ጻፉ። አማርኛው ተደነባብሯል፣ ምንጭ የሚባል ነገር የለውም። በዚያን ጊዜ ከእኛ መሃል ጽሑፍ የመሰረዝ ሥልጣን የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰረዝኩት፤ ከበታቹ «ምንጭ የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ሽማግሌው ጠፉ።

ጡሜ ምንም አላለችኝም። አንድ አርብ ፈቃድ ጠየቀች፤ ጨው በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍራ ሰፈራቸው ድረስ ሄደች። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተቆልፎ ውጭ ቆመን ስንጠብቅ ሁለቱ አቧራ ለብሰው፣ የአይሱዙ ሰዎች መስለው መጡ። ኦቦ ጉዮ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን በብብታቸው ይዘዋል።

«አካም፣ ቲቸር? ናጋ?» ብለው እጄን ጨበጡ። ጤናዬን ጠየቁ፣ ቤቴን ጠየቁ፣ እኔ ጋ ከብት ባይኖርም ከብቴን ጠየቁ። ከዚያ ሳጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ ከፈቱት። በሥራ ዘመናቸው ለሥልጠና የተሰጧቸው መጻሕፍት ናቸው፤ ቢጫ ሆነዋል፣ ጠርዛቸውን ምስጥ ነክቶታል፣ የገጽ ቁጥራቸው ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። በሽታዎቹ አንድ በአንድ እዚያ አሉ።

«ይህ ሁሉ እያለ ለምን አልጠቀሱትም?» አልኳቸው።

«ምንጭ የለውም ተባልኩ እንጂ» አሉ፣ «ምንጭ አለህ ወይ ያለኝ የለም።»

ከጎኔ ባዶ ወንበር ነበር። ሽማግሌው አልፈውት ሄደው ጡሜ አጠገብ ተቀመጡ።

ሰዉ ሲወጣ ጡሜን «መጻሕፍት እንዳላቸው እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«አላወቅሁም። ወተት ጠጣሁ፣ ዝናቡን ጠየቅሁ፣ ግመሎቹን ጠየቅሁ። ሳጥኑን ራሱ አወጣው።»

ያን የግመል ጽሑፍ አሁንም ብዙ ሰው ያነበዋል። አስተካክዬ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ሰባት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። የትም ቦታ ግን «ጡሜ ያመጣቻቸው ሽማግሌ የጻፉት» ነው የሚባለው።

ይህን ሁሉ ችያለሁ። ያልቻልኩት አንድ ቀን አለ።

ከአዲስ አበባ እንግዳ መጥቶ ነበር፤ ስንት ሰው እንደምንጽፍ፣ እንዴት እንደጀመርን ሊጠይቅ። ዙሪያውን ተቀምጠናል። «እያንዳንዳችሁ ወደዚህ ሥራ ያስገባችሁ ማን ነው?» አለ። ነርሷ «አዴ ጡሜ» አለች። ኦቦ ጉዮ «ጡሜ» አሉ። ቀጣዩም፣ ቀጣዩም። ዘጠኝ ሰው ዘጠኝ ጊዜ ስሟን ጠራ። ተራው እሷ ዘንድ ሲደርስ ተነሥታ ቆመች፤ ሌላ ማንም አልቆመም ነበር።

«እኔን ቲቸር አስካለ ነች ያስገባችኝ» አለች። «የመጀመሪያ ጽሑፌን በእጇ አረመችልኝ። ወረቀቱ አሁንም አለኝ።»

ሰዉ አጨበጨበ፤ እንግዳውም አጨበጨበ። ያጨበጨቡት ለእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሰው ባለውለታውን ቆሞ ሲጠራ ማየት ስለሚያምር ነው፤ ያማረባትም እሷ ናት። ዘጠኙን ስም ወስዳ፣ አሥረኛውን በሁለት እጇ ይዛ ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ቅዳሜ መሄድ ተውኩ። ጉልበቴን ያመኛል አልኩ። ቤቴ ሆኜ በስልክ ማረሜን ቀጠልኩ።

ዓመት አልፎ ጡሜ ታመመች፤ ኩላሊት ነው ተባለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ፤ የሄድኩት ሌሎቹ ሁሉ ሄደው ስለነበር ነው። ግድግዳ ተደግፋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች፤ ቁልፎቹ ግን አሁንም አንገቷ ላይ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሌላ ቁልፍ አስቀርጾ፣ እሷን ግን መልሺ የሚላት ጠፍቶ ነው። ሰላምታዋን ጀመረች፤ ጤናዬን፣ ቤቴን፣ ጉልበቴን። ጉልበቴ ላይ ስትደርስ ቆየት አለች።

«ቲቸር፣ እንግዶቹን አንቱ ይቀበሉልኝ።»

«ሌላ ሰው ጠፋ?»

«ሌሎቹ እኔን አይተው ይጽፋሉ። የእኔን ቃል ይገለብጣሉ።» ሳቀች፤ ሳቋን ሳል ቆረጠው። «አንቱ ሰው አይገለብጡም። እና ደግሞ አንቱ ሁሉንም ያነባሉ። እኔ እኮ ግማሹን አላነብም ነበር፣ ሰላምታ ብቻ ነው። ሰው የጻፈውን እስከ መጨረሻው የሚያነብለት አንቱ ብቻ ኖት።»

እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮኝ የሚያውቅ ሰው የለም። መቀበል ነበረብኝ። በአፌ ላይ የነበረው ግን ሌላ ነው።

«እኔ በረኛ አይደለሁም» አልኳት።

ዕድሜ ልኳን በር ስትከፍት ለኖረች ሴት። አልተቆጣችም። «ኤ...» አለች፣ እንደ ልማዷ፤ ይህንንም ከአፌ ወስዳ የሆነ ቦታ አስቀመጠችው። ውሃ እንዲሰጠኝ አዘዘች። ጠጥቼ ወጣሁ። ሌላ ጊዜ አላየኋትም።

ለደሴዋ ልጅ ያልመለስኩላት መልስ ይህ ነው። አሁን ታውቃለች።

ከቀብሩ በኋላ ከወደራ አንዲት ሴት መዝገቡ ውስጥ ገባች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንደሆነች ጽፋለች። ስለ ወደራ ገበያ ሁለት መስመር አስገብታ አራት ስሕተት ሠርታለች። አንድ ቀን አለፈ፣ ሦስት ቀን አለፈ፤ ማንም አልተቀበላትም። ሁሉም መታሰቢያ ገጹ ላይ «አዴ ጡሜ የእንግዳ እናት» እያለ ይጽፋል፤ እንግዳዋ ደጅ ቆማለች። በሳምንቱ እስክሪኑን ከፍቼ አሥራ አንዱን ነጥቤን አወጣሁ። አየሁትና መልሼ ዘጋሁት።

ጤናዋን ጠየቅሁ። ቤቷን ጠየቅሁ። የጡሜን ቃል አልገለበጥኩም፤ በራሴ አማርኛ፣ ነጥብና ሰረዙን አስተካክዬ ነው የጻፍኩት። ዝናቡን ግን ጠየቅኋት፤ ያለ ዝናቡ አይሆንም። ከታች «አስካለ፣ ነጌሌ» ብዬ ፈረምኩ።

ከምሳ በፊት መልስ መጣ።

«ናጋ ነኝ፣ አዴ ጡሜ! ቦሬ ያለች እኅቴ ‹ስትገቢ ጡሜ የምትባል ሴት ትቀበልሻለች፣ አትፍሪ› ብላኝ ስጠብቅሽ ነበር። ስትዘገዪ የጠላሽኝ መስሎኝ። ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቶ ጀመረ፣ ግን ይዟል...» እያለ አንድ ገጽ ይሄዳል።

ስሜ እዚያው፣ ከጽሑፉ ሥር አለ። አላየችውም። ጡሜ ከመቃብርም ሆና ይህንንም ወሰደችብኝ። «እኔ ጡሜ አይደለሁም» ብዬ ጻፍኩ። አነበብኩት፤ ስሕተት የለበትም። ወደ ዝናቡ ተመልሼ የሴትዮዋን ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩ፤ ስለ አንዲት እርጉዝ እኅቷም፣ ስለ ተሰበረ ድልድይም ጽፋለች። ከዚያ የጻፍኩትን አጠፋሁት።

ሠላሳ ዓመት የሰው ስሕተት ሳርም ኖሬያለሁ። ያቺን አንዷን አላረምኳትም።

ስለ ዳዋ ወንዝ የጀመርኩት አንድ ጽሑፍ ነበረኝ፤ ምንጮቹ ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረዋል፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው። አራተኛው መስመር ላይ አቆምኩና «ይህን አንቺ ቀጥይው» ብዬ ላክሁላት። እጄን እየበላኝ ተውኩት።